ስለ መራቢያ አካል ኪንታሮት፦ የሚሸፈነውና የሚነገረው

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ትምህርት ለመጽሔቱ አንባቢያን የተዘጋጀ)

  

የዛሬው ርእሳችን ከሚንበር ላይ ቀርቶ ባልና ሚስት እንኳ ለብቻቸው ሆነው ለመነጋገር የሚያፍሩበት ነው። በሬዲዮ ስናቀርበው ትናንሽ ልጆች በአጠገባችሁ ካሉ ለጊዜው ዞር እንዲሉ አሳስበን ነበር። መጽሔቱን ጮክ ብላችሁ ለቤተሰብ የምታነቡም ይህንኑ አስቡበት። ሐያእ የኢማን ክፍል መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም ኡሙ ሱለይም (ረ.ዐ.) ሴት ልጅ በሕልሟ የምታየው ነገር ጉስል ያስወጅብባት እንደሆነ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ፊት ለፊት ጠይቀዋል፤ ሐያእ ከዚህ አላገዳቸውም። እኛም በዚሁ መንገድ እንሄዳለን።

ወደዚህ ርእስ ያመጣን አንድ ጉዳይ ነው። ባለጉዳዮቹን አስፈቅደን፣ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር ሁሉ ትተን እናቀርበዋለን። አንድ ምሽት ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወንድም ሚስቱን ይዞ ወደ መስጂዳችን መጣ። እህታችን ነፍሰ ጡር ነበረች። በእርግዝና ክትትል ላይ አዋላጇ በመራቢያ አካሏ ዙሪያ ትናንሽ እብጠቶች አይታ፣ "ይህ በግንኙነት የሚተላለፍ ኪንታሮት ነው፤ ባለቤትሽም ይምጣ" ብላታለች። እህታችን ምንም ሳትደብቅ የሰማችውን ለባሏ ነገረችው። እሱ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር የያዘው "በግንኙነት" የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። በትዳር ስድስት ዓመት ቆይተዋል። "እኔ ላይ ምንም የለም፤ የወጣው እሷ ላይ ነው። ታዲያ ከየት አመጣችው? ሸኻችን፣ ፍቺው ይጻፍልኝ" አለን። እሷ ሒጃቧን ፊቷ ላይ ጎትታ፣ "ወላሂ ከሱ ሌላ ወንድ አላውቅም" ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

በዚያ ምሽት ፍቺ አልጻፍንም። በማግስቱ ሁለቱም ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ አደረግን። ሐኪሙ ያስረዳቸውን፣ እኛም ከዚያ ወዲህ ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ነው ዛሬ የምናካፍላችሁ።

"ኪንታሮት" የምንለው የትኛውን ነው?

ስህተቱ ከስሙ ይጀምራል። በአማርኛችን "ኪንታሮት" የሚለው ቃል የማይገናኙ ሁለት በሽታዎችን ይጠራል። አንዱ በፊንጢጣ አካባቢ ያሉ የደም ሥሮች አብጠው የሚመጣው ነው። ብዙ ጊዜ ከሆድ ድርቀት ጋር ይያያዛል፤ ከማንም ወደ ማንም አይተላለፍም። ሌላው ደግሞ በቫይረስ ምክንያት ቆዳ ላይ የሚበቅለው ነው። በልጆች እጅ ላይ የምናየው ሻካራ ኪንታሮት ከዚህ ወገን ነው። የዛሬው ርእሳችንም ከዚሁ ከሁለተኛው ወገን ሲሆን፣ በፊንጢጣ ዙሪያም ሊወጣ ስለሚችል ከመጀመሪያው ጋር ይምታታል። በየመንገዱ "ኪንታሮት እናድናለን" የሚል ሰሌዳ የሰቀለውን ሰው የትኛውን እንደሚያክም እንኳ ሳንጠይቀው ገንዘባችንንና ገላችንን አሳልፈን እንሰጠዋለን።

መንስኤው ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች.ፒ.ቪ. ይባላል። ከ200 በላይ ዓይነቶች አሉት። ከመራቢያ አካል ኪንታሮቶች ውስጥ 90 በመቶ የሚሆኑትን የሚያስከትሉት 6 እና 11 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለቱ ናቸው። እነዚህ ወደ ካንሰር የሚያመሩ አይደሉም። የማህፀን በር ካንሰርን በዋናነት የሚያመጡት ሌሎች ዓይነቶች ናቸው፤ ከካንሰሩ 70 በመቶ ያህሉ ከ16 እና ከ18 ይመጣል። ስለዚህ ኪንታሮት ወጣባት ማለት ካንሰር ያዛት ማለት አይደለም። አንዱ የያዘውን ሰው ሌላውም ሊይዘው ስለሚችል ግን ለሴቶች የማህፀን በር ምርመራ ማድረጉ አይቀርም። ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

እብጠቱ የቆዳ ቀለም ያለው ወይም ጠቆር ያለ ሆኖ አንድ ብቻውን ወይም ብዙ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሲበዛ የአበባ ጎመን ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ አንዳንዴ ያሳክካል። የሚተላለፈው ቆዳ ከቆዳ ጋር ሲነካካ፣ በተለይም በግንኙነት ጊዜ ነው። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በአንድ ሶፍ ላይ በመስገድ አይተላለፍም።

አሁን የዚያን ወንድም ጥያቄ ወደሚመልሰው ነጥብ እንምጣ። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ኪንታሮቱ እስኪወጣ ድረስ ሳምንታት ወይም ወራት፣ አልፎ አልፎም ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ቫይረሱ ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹ ደግሞ በሕይወታቸው ሙሉ አንዲት እብጠት ሳያዩ ያልፋሉ፤ ግን ያስተላልፋሉ። እርግዝና የሰውነትን መከላከያ ስለሚለውጥ ተደብቆ የኖረው በዚያን ጊዜ ብቅ ሊል፣ የነበረውም ሊያድግ ይችላል። እንግዲህ ዛሬ በሚስት ላይ የታየ ኪንታሮት መቼ እንደመጣ፣ ከማን እንደመጣ ሊናገር የሚችል ሐኪም የለም። ባል ላይ ምንም አለመታየቱ ባል ከቫይረሱ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ያ ወንድም ከኒካሑ በፊት ምን ሕይወት እንደነበረው አልጠየቅነውም። መጠየቅም አላስፈለገንም፤ ሐኪሙ ይህን ሲያስረዳ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

በኪንታሮት ዚና አይመሰከርም

ይህን በጥብቅ መናገር አለብን፤ ምክንያቱም ይህን በመሰለ ነገር ትዳር ሲፈርስ፣ የሴት ልጅ ስም ሲጠፋ አይተናል። በሱረቱ አን-ኑር አላህ (ሱ.ወ.) ንጹሓን ሴቶችን በዚና ወንጅሎ አራት ምስክር ያላመጣ ሰው ሰማንያ ጅራፍ እንደሚገባው፣ ምስክርነቱም ዳግመኛ እንደማይሰማ ደንግጓል። አራት ሰው በዓይኑ ያላየውን ነገር በአንዲት እብጠት ማረጋገጥ እንዴት ይቻላል? በሽታው ራሱ ቀኑን ሳይናገር እኛ እንዴት እንናገርለታለን? ቀዝፍ ከታላላቅ ኃጢኣቶች አንዱ ነው። "ጠረጠርኩ" ብሎ ለእናቱ፣ ለእህቱ፣ ለጎረቤት የተናገረ ባል ነገሩ ባልና ሚስት መካከል ነው ብሎ አያምልጥ። ሚስትም ባሏ ላይ ስታይ እንዲሁ ናት፤ በዚህ ረገድ ወንዱ የሚከበር ስም ካለው ሴቷም አላት።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። ተገዳ የተደፈረች እህት አለች። በዐረብ አገር በሰው ቤት ስትሠራ ይህ የደረሰባትና ለማንም ሳትናገር የተመለሰች ልትሆን ትችላለች። እርሷ የተበደለች እንጂ ያጠፋች አይደለችም፤ ኃጢኣት የለባትም፤ ተውባ የምታደርግበትም ነገር የለም። በገላዋ ላይ የቀረ በሽታ ካለ እንደማንኛውም ቁስል ይታከማል።

ሕክምናውና የሚመለስበት ምክንያት

መጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው፣ በዚያ ቦታ የወጣ እብጠት ሁሉ ኪንታሮት አለመሆኑ ነው። በተለይ ቂጥኝ በሁለተኛ ደረጃው ላይ ኪንታሮት የሚመስል ጠፍጣፋና እርጥብ እብጠት ያወጣል። ይህ በመርፌ የሚድን ሲሆን፣ ሳይታከም ከቀረ ግን ልብንና አንጎልን ይጎዳል፤ የተረገዘንም ልጅ ይገድላል። ስለዚህ ሐኪሙ የደም ምርመራ፣ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራም ጭምር ሲያዝ "እኔን ምን ጠርጥሮ ነው" ብሎ መቆጣት አያስፈልግም።

ለሕክምናው የተለያዩ መንገዶች አሉ። ባለሙያው በክሊኒክ የሚቀባው ፖዶፊሊን ወይም ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ አለ። በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ፣ በኤሌክትሪክ መተኮስ፣ በቀዶ ጥገና ማንሣት አለ። በሐኪም ትእዛዝ ቤት ውስጥ የሚቀቡ እንደ ኢሚኪሞድ ያሉ ቅባቶችም አሉ። የትኛውም ከሌላው በግልጽ የበለጠ ስላልሆነ ምርጫው በእብጠቱ ብዛት፣ በቦታውና በሚገኘው መድኃኒት ይወሰናል። ፖዶፊሊን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ነፍሰ ጡር መሆን የምትጠረጥርም ሳትናገር መታከም የለባትም። ለእጅና ለእግር ኪንታሮት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ፈሳሽ ለዚህ ስስ ቦታ አይሆንም።

በገጠሩም በከተማውም የቁልቋል ወተት ኪንታሮት ላይ ማንጠብጠብ የቆየ ልማድ ነው። እጅ ላይ ሲያደርጉት አይተን እንደ ቀላል እንቆጥረዋለን። በመራቢያ አካል ላይ ግን ቆዳውን ያቃጥላል፤ ያቆስላል፤ ጠባሳ ይተዋል። አንድ ወጣት ሚስጥሩን ለመጠበቅ ሲል ለብቻው ይህን አድርጎ ሽንት መሽናት እስኪያቅተው ድረስ ከቆሰለ በኋላ ነው ወደ ሐኪም የወሰዱት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው ያዘዙት ሰው ራሱን እንዲያቃጥል አልነበረም።

ብዙ ደብዳቤ የሚመጣልን ግን ስለ መመለሱ ነው። "ታክሜ ጠፍቶልኝ ነበር፤ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። ሐኪሙ ዋሽቶኛል ወይ?" የሚል አለ። ከዚህ የከፋው ደግሞ አንድ ወንድም የጻፈልን ነው። ከዓመታት በፊት በሠራው ጥፋት ተውባ አድርጎ፣ ሶላቱን ይዞ፣ ከድሮ ጓደኞቹም ተለይቶ ይኖራል። ኪንታሮቱ ሦስተኛ ጊዜ ሲመለስበት "አላህ ተውባዬን እንዳልተቀበለኝ ምልክት ሰጠኝ" ብሎ ደመደመ። ጀማዓ መስገድም ተወ።

ለዚህ ወንድም የመለስንለትን ለሁላችሁም እንመልሳለን። ሕክምናው የሚያስወግደው በዓይን የሚታየውን እብጠት ነው፤ ቫይረሱን አይደለም። ሣሩን ከላይ አጭዶ ሥሩን አፈር ውስጥ እንደመተው ነው። በአካባቢው ባለው ጤነኛ በሚመስል ቆዳ ውስጥ ቫይረሱ ይቆያል፤ ስለዚህ ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው ሕክምናው ካለቀ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ይህ የሐኪም ውሸት አይደለም፤ የሕመምተኛው አዲስ ጥፋትም አይደለም፤ የትዳር ጓደኛ ከውጭ አምጥቶት ነው ማለትም አይደለም። የአብዛኛው ሰው ሰውነት ቫይረሱን በአንድና በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ራሱ ያዳክመዋል። እስከዚያ ድረስ በወጣ ቁጥር መታከም ነው። ከዚያ በላይ እየተመላለሰ የሚያስቸግረው ሰው ስኳርና ኤች.አይ.ቪ. ቢመረመር ጥሩ ነው፤ እነዚህ መከላከያን ስለሚያዳክሙ ነው። ሲጋራ የሚያጨስም ቢተወው ለዚህም ይጠቅመዋል። ጫትና ሲጋራ አብረው ለሚሄዱባቸው ወንድሞቻችን ይህችን በጨዋታ መሐል ጣል እናደርጋለን።

ተውባን በተመለከተ ደግሞ፣ የተውባ ተቀባይነት በቆዳ ላይ አይነበብም። ነብዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ.) የነብይነት ደረጃ ላይ ሆነው ለረጅም ዘመን በገላቸው ታመዋል። በሽታቸው የአላህ ቁጣ ነበር የሚል ሙስሊም አለ? ጥፋቱን ትቶ፣ ተጸጽቶ፣ ላይመለስበት ቁርጥ ሐሳብ ያደረገ ሰው ተውባ አድርጓል። እብጠቱ የቫይረስ ነገር ነው። ያ ወንድም በኋላ ወደ ጀማዓው መመለሱን ጽፎልናል፤ አልሐምዱሊላህ።

ስለ ጦሃራና ዒባዳ የተጠየቅናቸው

ለሕክምና ዐውራን ማሳየት ስላስገደደ ይፈቀዳል። ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ ሐኪም ከተገኘ እሱ ይቀድማል። ካልተገኘ ግን "ሴት ሐኪም እስክትገኝ" እያሉ ወራት ማሳለፍ አይገባም።

ቅባቱን በውጭ ቆዳ ላይ መቀባት ጾም አያፈርስም። ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ የሻፊዒይ መዝሀብ ተከታዮች ያፈርሳል ስለሚሉ ለሌሊት ማድረጉ ከጥርጣሬ ያወጣል። ያለ ግርዶ በእጅ መዳፍ ብልትን መንካት በሻፊዒይ ዘንድ ውዱእ ያፈርሳል፤ በሐነፊይ አያፈርስም። በጓንት ከሆነ በሁለቱም ችግር የለበትም። ከተኮሱት በኋላ ከቁስሉ የሚፈስ ደም በሐነፊይ ውዱእ ያፈርሳል፤ በሻፊዒይ ግን ደሙ ይታጠባል እንጂ ውዱእን አይነካም። ሁሉም በያዘው መዝሀብ ይሥራ። ቁስሉን ውኃ እንዳይነካው ሐኪም የከለከለው ሰው ጉስል ሲደርስበት የቀረውን ገላውን ታጥቦ ለቁስሉ ተየሙም ያደርጋል።

ማንም የማይጠይቀው፣ እኛ ግን ልንናገረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የብልት ጸጉርን ማስወገድ ሱንና ነው፤ ከአርባ ቀን በላይ እንዳይቆይም ተወስኗል። ምላጭ ግን ኪንታሮቱ ባለበት ጊዜ ቆዳውን እየፋቀ ቫይረሱን ወደ ጤነኛው ቆዳ ያዛምተዋል። አንድ ብቻ የነበረው በላጨው መስመር ተሰልፎ የወጣበት ሰው አለ። ስለዚህ እስኪድን በመቀስ ማሳጠር ይበቃል፤ ሱንናውም አይጓደልም። ምላጭም ሆነ መቀስ የግል ይሁን።

በትዳር ውስጥ ሲኖሩበት

ኪንታሮቱ በዓይን እየታየ እስካለና ከሕክምና በኋላ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ ከግንኙነት መታቀብ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ሚስት "አይሆንም" ብትል በሽታን ምክንያት አድርጋ ነውና ባሏን በማመፅ አትጠየቅም። ባል በእርሱ ላይ የወጣውን ደብቆ ወደ አልጋዋ ቢመጣ ግን ሐቋን ነክቷል። ራስንም ሌላውንም መጉዳት እንደማይፈቀድ ሁላችንም የተማርነው መሠረት ነው። ኮንዶም የመተላለፉን ዕድል ይቀንሳል፤ የማይሸፍነው ቆዳ ስላለ ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። ባልና ሚስት በስምምነት ቢጠቀሙበት ዑለማዎች በዐዝል ላይ ከሰጡት ፈቃድ ጋር ያያይዙታል። ኢሚኪሞድ የሚቀባ ሰው ቅባቱ ኮንዶሙን እንደሚያሳሳው ይወቅ።

ለዓመታት አብረው የኖሩ ባልና ሚስት አንዳቸው ላይ ሲወጣ ሌላኛውም ቫይረሱን አስቀድሞ ተጋርቶት መሆኑ አይቀርም። የሌላኛው ድርሻ መመርመርና፣ ከወጣበት መታከም ነው። ምንም ካልወጣበት የሚወስደው መድኃኒት የለም።

ሁለት ሚስት ያለው ወንድም ነገሩ ይከብደዋል። የአንዷን ተራ በዚህ ሰበብ መዝለል አይችልም። የአዳር እኩልነት በአዳር እንጂ በግንኙነት አይደለምና በየተራው ያድራል፤ እስኪድንም ከሁለቱም ይታቀባል። ለሁለቱም መናገር ግዴታው ነው። ለአንዷ ነግሮ ለሌላዋ መደበቅ ፍትሕን ማጓደል ብቻ ሳይሆን ያልነገራትን ለጉዳት አጋልጦ መተው ነው።

"በሽታው ለፍቺ ምክንያት ይሆናል ወይ?" ለሚሉን፦ ቀደምት ፉቀሃዎች ኒካሕን የሚያስፈርሱ ነውሮችን እነ ለምጽን፣ ቁምጥናን፣ እብደትን ጠቅሰው ቆጥረዋል። ኢብኑል ቀዪም ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ ምክንያቱን ተመልክተው፣ አንዱን ከሌላው የሚያርቅና የትዳርን ዓላማ የሚያሰናክል ነውር ሁሉ እንዲሁ መሆኑን ጽፈዋል። ይህ ኪንታሮት ግን የሚታከምና በጊዜ የሚዳከም ስለሆነ በእኛ እምነት በራሱ ትዳር የሚያፈርስ አይደለም። ሆን ተብሎ የተደበቀ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለቃዲ ይቀርባል።

ከኒካሕ በፊት፦ የሚሸፈነውና የሚነገረው

እዚህ ላይ ነው ሰው በሁለት በኩል የሚሳሳተው። አንዳንዱ "አላህ የሸፈነውን አልገልጥም" ብሎ በሽታውን ደብቆ ኒካሕ ያስራል። ሌላው ደግሞ ሐቀኛ ለመሆን ብሎ ከማን ጋር፣ መቼ፣ የት እንደሆነ ለእጮኛው ዘርዝሮ ይናዘዛል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ኃጢኣትና በሽታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ያለፈ ኃጢኣት በባሪያውና በአላህ መካከል ነው። ማዒዝ (ረ.ዐ.) ጥፋቱን ሊናዘዝ በመጣ ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ደጋግመው ፊታቸውን አዙረውበታል። የተሸፈነን መግለጥ አይወደድም። በሽታ ግን የሚያገባው ሰው ገላ ላይ የሚያርፍ ጉዳት ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ላይ ከላይ ደረቅ መስሎ ከውስጡ የረጠበ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ሻጩን መገሠጻቸውን ታስታውሳላችሁ። በእህል ላይ ይህ ከተባለ በሰው ሕይወት ላይ ምን ሊባል ነው? ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ.) ስለጠየቋት ሰዎች ባማከረቻቸው ጊዜም ለትዳር የሚያስፈልገውን ነውር ሳይሸሽጉ ነግረዋታል።

ስለዚህ አሁን ኪንታሮት ያለበት፣ ወይም በቅርብ ጊዜ ታክሞ ገና እየተመላለሰበት ያለ ሰው ከኒካሕ በፊት መናገር አለበት። ከዓመታት በፊት ጠፍቶ ያልተመለሰ ከሆነ በመጀመሪያ ሐኪም ያማክር። ቫይረሱ መቼ ሙሉ በሙሉ እንደሚጠፋ ቁርጥ ያለ ቀን የሚሰጥ ሐኪም ስለሌለ የእኛ ዝንባሌ እዚህም መናገሩ ይሻላል ወደሚለው ነው፤ ግን እንደመጀመሪያው አናጠብቀውም። አነጋገሩ ረጅም መሆን የለበትም። "በመራቢያ አካሌ ላይ ኪንታሮት ወጥቶብኝ ታክሜያለሁ። ሊመለስ፣ ሊተላለፍም ይችላል። ከፈለግሽ ሐኪም ዘንድ ሄደን እንጠይቅ" ማለት ይበቃል። "ከየት መጣ?" ብላ ብትጠይቅ "ያለፈውን አላህ ሸፍኖታልና አትጠይቂኝ" ማለት መብቱ ነው። እህትም ለጠየቃት ወንድም እንዲሁ ትናገራለች፤ መናገር ከከበዳት በምታምነው ወሊይዋ በኩል ታድርግ። የሰማው ሰው ትዳሩ ቢቀር እንኳ የሰማውን አማና አድርጎ ይይዛል። ለጓደኛ ያወራ ሰው አማናን በልቷል።

አንድ ነገር ደግሞ ለወላጆችና ለኢማም ወንድሞቻችን እናሳስብ። ኒካሕ ከማሰራችን በፊት የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ወረቀት መጠየቃችን መልካም ነው። ያ ወረቀት ግን ይህን ቫይረስ አያይም። ለዚህ የሚሆን የደም ምርመራ የለም፤ በወንዶች ላይ የሚሠራበት የተለመደ ምርመራም የለም። "ነጻ ነው" የሚል ወረቀት ይዞ መምጣት ከመናገር ግዴታ አያወጣም።

ለሴቶቻችንና ለልጆቻችን

ነፍሰ ጡር ለሆነች እህት፦ በዚህ ኪንታሮት ምክንያት ብቻ በቀዶ ጥገና መውለድ አያስፈልግም። እብጠቱ በጣም ተልቆ መንገዱን ከዘጋ ወይም ብዙ የሚደማ ከሆነ ሐኪሙ ይወስናል። በወሊድ ጊዜ ወደ ሕፃኑ ጉሮሮ መተላለፉ የሚከሰት ቢሆንም እጅግ ጥቂት ነው። ጡት ማጥባት ይቻላል። ከወሊድ በኋላ እብጠቱ ብዙ ጊዜ ይሟሽሻል።

ዕድሜያቸው 30 የሞላ እናቶች ኪንታሮት ኖረባቸውም አልኖረባቸው የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ያድርጉ። በማህፀን በር ላይ አሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በዓይን የሚታይበት ቀላል ምርመራ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይሰጣል። ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለ እህት ቀደም ብላና ቶሎ ቶሎ ትመርመር፤ አደጋው በእርሷ ላይ ይበረታል።

በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የልጃገረዶች ክትባት ይህንኑ ቫይረስ የሚከላከል ነው። ያን ጊዜ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት ሲሰጥ "መካን ያደርጋል" የሚል ወሬ በየሰፈሩ ሲዞር ሰምተናል፤ ከእውነት የራቀ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ዶዝ ተሰጥቷል። ክትባቱ በእርሾ አማካይነት የሚዘጋጅ ሲሆን በውስጡ ሕያው ቫይረስ የለበትም። አስቀድሞ የወጣን ኪንታሮት አያድንም፤ በልጅነት የሚሰጠውም ለዚህ ነው። "ልጄ ጨዋ ናት፣ ምን ያደርግላታል?" ለሚሉ አባቶች የምንለው፣ በመስጂዳችን ያየናት እህትም ጨዋ ነበረች ነው።

ያ ወንድም ከሐኪሙ በወጣ ማግስት ለብቻው መጥቶ፣ "ሸኻችን፣ ለተናገርኩት ነገር ምን ላድርግ?" አለን። በሰው ፊት የተናገረውን በሰው ፊት እንዲመልስ፣ ከሚስቱም ዐፍው እንዲጠይቅ ነገርነው። ለእናቱ ተናግሮ ነበርና ከእናቱ ጀመረ። ልጃቸው በሰላም ተወለደ። የእናቲቱም እብጠት ከወሊድ በኋላ እየሟሸሸ ሄደ። ከአምስት ወር በኋላ በእሱ ላይ ወጣ፤ ታከመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ታከመ። በዚህኛው ጊዜ ሁለቱም የሄዱት ወደ ክሊኒክ ነው፤ እኛ የሰማነው ከወራት በኋላ ለዒድ ሊጠይቁን ሲመጡ ነው።